የማይሞላ ሽንት ቤትና የግቢ ጉድጓድ ውሃ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በአዲስ አበባ ዳርቻ ቤት የሚሸጥ ወይም የሚያከራይ ሰው ስለ ግቢው ሲናገር ሁለት ነገሮችን እንደ ትልቅ ጥቅም ያነሣል። አንደኛው «የራሱ ጉድጓድ ውሃ አለው» የሚለው ነው፤ ሁለተኛው «ሽንት ቤቱ ከተቆፈረ ጀምሮ አልሞላም» የሚለው። ከቱሉ ዲምቱ እስከ ገላን፣ ከፉሪ እስከ ዓለም ገና፣ ከለገጣፎ እስከ ሰንዳፋ፣ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ወይም ጭራሽ በማይደርስበት ሰፈር ሁሉ ይህ የተለመደ ነው። ሁለቱ በአንድ ግቢ ሲገናኙ ግን ጥቅም መሆኑ ይቀርና አደጋ ይሆናል። የማይሞላ ሽንት ቤት ፍሳሹን ወደ መሬት የሚለቅ ሽንት ቤት ነው፤ ፍሳሹም ወርዶ የሚገባው ፓምፑ ውሃ ወደሚስብበት ዓለት ነው።

ስለ ከርሰ ምድር ውሃ ብክለት ሲወራ ጣታችን ቶሎ የሚቀሰረው ወደ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው መጠየቅ አለበት፤ ወደ እሱም እመለሳለሁ። በዳርቻ ሰፈሮች ግን በብዙ ቦታ፣ በየቀኑ፣ ማንም ሳያየው ውሃውን የሚያበላሸው የየቤታችን የሽንት ቤት ጉድጓድ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

መሬቱን ሳናውቅ ነገሩ አይገባንም። የከተማዋ ከርሰ ምድር ውሃ በጥቅሉ እንደ ወንዞቿ ከእንጦጦ ተነሥቶ ወደ ደቡብ፣ ወደ አቃቂ ይወርዳል። በአቃቂና በዙሪያው ያለው ዓለት ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ስንጥቅ የበዛበት ባዛልትና ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉት ቀዳዳማ ቀይ ድንጋይ ነው። ከተማዋን የሚያጠጣው ትልቁ የጉድጓዶች መስክ አቃቂ ላይ የሆነው ይህ ዓለት ውሃ አብዝቶ ስለሚይዝና በቀላሉ ስለሚያሳልፍ ነው። ውሃን የሚያሳልፍ ግን ብክለትንም ያሳልፋል። ደቃቅ አሸዋ ውስጥ በቀን በሳንቲ ሜትር የሚለካ መንገድ የሚሄድ ውሃ፣ በተሰነጠቀ ባዛልት ውስጥ በቀን ብዙ ሜትር ሊጓዝ ይችላል።

ከላይ ያለው ዋልካ አፈር ያጣራልናል የሚሉ አሉ። እርጥብ ዋልካ በእርግጥ ውሃ አያሳልፍም ማለት ይቻላል። በበጋ ግን ይሰነጠቃል፤ የመጀመሪያው ዝናብ የደጁን ቆሻሻ ይዞ በስንጥቁ ሳይጣራ ይወርዳል። ከዚያ የባሰው ደግሞ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ሦስትና አራት ሜትር ሲቆፈር ዋልካውን ጨርሶ ዓለቱ ላይ መድረሱ ነው። ቆፋሪዎቹ «ሬድ አሽ አገኘን» ብለው ደስ ሲላቸው፣ ባለቤቱም ከእንግዲህ ጉድጓዱ እንደማይሞላ ሲነገረው፣ ተፈጥሮ የሰጠችው ክዳን ያን ዕለት ተበሳ ማለት ነው። ግድግዳው ያለ ሲሚንቶ በድንጋይ ይካባል፣ ወለሉ እንዳለ ይተዋል፣ ላዩ በሶሌታ ይዘጋል። ሴፕቲክ ታንክ ተብሎ ቢከፈልበትም ፍሳሹን የሚይዝበት ነገር የለውም።

ከዚህ ጉድጓድ የሚወጣው ብክለት ሁለት ዓይነት ነው፤ ለየብቻ ካልታዩ መፍትሔያቸው ይምታታል። አንዱ ሕያው ነው፦ ባክቴሪያ፣ ቫይረስና ጥገኛ ተውሳክ። ባክቴሪያዎቹ ከሰው አንጀት ውጭ ብዙ ስለማይቆዩ ፍሳሹ ከሽንት ቤት እስከ ውሃ ጉድጓዱ ለመድረስ ቢያንስ 50 ቀን ከፈጀበት አብዛኛው ባክቴሪያ መንገድ ላይ ይሞታል። በመመሪያዎች ላይ የሚጻፈው የ30 ሜትር ርቀትም ዓላማው ይኸው ነው፤ የሽንት ቤቱ ወለልም ከከርሰ ምድር ውሃው ደረጃ ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ይበል ይባላል። ይህ ልኬት ግን ለአፈርና ለአሸዋ እንጂ ለተሰነጠቀ ዓለት አይበቃም። በ200 ካሬ ግቢ ውስጥ ደግሞ 30 ሜትሩም ከየት ይመጣል? በአጥሩ ማዶ ያለው የጎረቤት ሽንት ቤት ከእናንተ ጉድጓድ አምስት ሜትር ላይ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ናይትሬት ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። በሽንት ውስጥ ያለው ዩሪያ መጀመሪያ ወደ አሞኒየም፣ አየር ባለበት አፈር ውስጥ ደግሞ ባክቴሪያዎች እየቀየሩት ወደ ናይትሬት ይለወጣል። አሞኒየም ሸክላ አፈር ላይ ይጣበቃል፤ ናይትሬት ግን ምንም ሳይዘው ከውሃው ጋር ይጓዛል። አይሞትም፣ አይሸትም፣ ቀለም የለው፣ ጣዕም የለው።

መጠኑን ማስላት ይቻላል። አንድ ሰው በዓመት በሽንቱና በዓይነ ምድሩ 3 ኪሎ ግራም ያህል ናይትሮጅን ያስወግዳል እንበል። አምስት ሰው ያለበት ቤት 15 ኪሎ ይሆናል። ግማሹ በዝቃጩ ውስጥ ቀረ ወይም ወደ አየር ሄደ ብለን ብንተወው እንኳ 7.5 ኪሎው ይወርዳል፤ ይህ ወደ ናይትሬት ሲለወጥ 33 ኪሎ ያህል ይመዝናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ናይትሬት ነው። ስለዚህ ያ 33 ኪሎ 660 ሜትር ኩብ ንጹሕ ውሃን እስከ ጣሪያው ያደርሳል። አሁን ግቢውን እንይ። ከዓመቱ ዝናብ 200 ሚሊ ሜትሩ ወደ ከርሰ ምድር ሰረገ ብንል 200 ካሬ ግቢ የሚያስገኘው 40 ሜትር ኩብ ውሃ ብቻ ነው። ግቢው በንጣፍ፣ ቤቱ በቆርቆሮ ሲሸፈን ከዚያም ያንሳል። ከጎረቤት የሚመጣ ውሃ ያቀጥነዋል እንዳይባል ጎረቤቱም የራሱን እየጨመረ ነው። እርሻ በነበረበት ዘመን የሰዉ ቁጥር ከመሬቱ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ስለነበር ያው ዓይነት ሽንት ቤት ይህን ያህል ጉዳት አላደረሰም። መሬቱ ሲሸነሸን ግን ሒሳቡ ተለወጠ።

ናይትሬት ከስድስት ወር በታች ለሆኑና የዱቄት ወተት በዚያ ውሃ ለሚበጠበጥላቸው ሕፃናት አደገኛ ነው። በሰውነታቸው ወደ ናይትራይት ተለውጦ ደማቸው ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፤ ከንፈራቸውና ጥፍራቸው ይጠቁራል፣ ሰማያዊ ይሆናል። እናቶች ለልጃቸው ብለው ውሃውን ደጋግመው ያፈላሉ። ማፍላት ጀርሙን ይገድላል፤ ናይትሬቱን ግን አይነካውም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን መጠኑ ይጨምራል። ክሎሪንም፣ ውሃ አጋርም፣ የሸክላ ማጣሪያም፣ የከሰል ማጣሪያም ናይትሬትን አያወጡም። የሚያወጡት ሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃን በግፊት በስስ ገለፈት የሚያሳልፍ ማጣሪያ) እና ለናይትሬት ተብሎ የተሠራ የአዮን መለዋወጫ ማጣሪያ ናቸው። ውሃው ከጣሪያው በላይ ከሆነ ለሕፃኑ ከሌላ ምንጭ ማምጣት ይሻላል፤ ጡት የሚጠባ ሕፃን ደግሞ ከዚህ አደጋ በእጅጉ የተጠበቀ ነው።

ሕያው ብክለት የሚገባው ሁልጊዜ ከታች አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚገባው በራሱ በጉድጓዱ አፍ ነው። ይህን ለይቼ የምጽፈው በትንሽ ወጪ የሚስተካከል ስለሆነ ነው። በማሽን ሲቆፈር የጉድጓዱ ስፋት 10 ኢንች፣ የሚገባው ኬሲንግ (የጉድጓዱን ግድግዳ የሚይዘው ቧንቧ) 6 ኢንች ነው እንበል። በሁለቱ መካከል ዙሪያውን ክፍተት ይቀራል። ቆፋሪው ጠጠሩን ከታች ጀምሮ እስከ መሬቱ አፍ ድረስ ይሞላና ላዩን በትንሽ ኮንክሪት ይለቀልቀዋል። ያ ኮንክሪት ሲሰነጠቅ የጎርፍ ውሃ በጠጠሩ ውስጥ ቁልቁል ወርዶ በቀጥታ ፓምፑ ጋር ይደርሳል። ትክክለኛው አሠራር ጠጠሩን ከማጣሪያው ቧንቧ፣ ማለትም ውሃው ከሚገባበት ቀዳዳማ ቧንቧ፣ ጥቂት ሜትር ከፍ ካለ በኋላ አቁሞ፣ በላዩ ሸክላ አድርጎ፣ የላይኛውን ቢያንስ 6 ሜትር በሲሚንቶ ቡኬት፣ ማለትም በውሃ በተበጠበጠ ሲሚንቶ፣ መሙላት ነው። ስፋቱ ሲሰላ በ6 ሜትር፣ እንደ ኬሲንጉ ውፍረት፣ ከ170 እስከ 195 ሊትር ያህል ይይዛል፤ አንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ በ25 ሊትር ውሃ ሲበጠበጥ 40 ሊትር ገደማ ስለሚወጣው አምስት ከረጢት ይበቃል፤ ዓለቱ ስንጥቅ ካለው ትንሽ ይጨመራል። ቡኬቱ ከላይ አይደፋም፤ በቀጭን ቧንቧ ከታች ወደ ላይ እየተሞላ ይወጣል፣ አለዚያ መሐሉ ባዶ ይቀራል። ሚሊዮኖች በሚወጡበት ቁፋሮ አምስት ከረጢት ሲሚንቶ መቆጠብ ምንም ምክንያት የለውም። ባለቤቱ ቆሞ ይቁጠር። ኬሲንጉም ከመሬት ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ክዳኑ በጎማ የተጠበቀ ይሁን።

በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ከሆነ የላይኛው 3 ሜትር በኮንክሪት ቀለበት ተሠርቶ ከኋላው ውሃ እንዳያሳልፍ ይሞላ፤ ዙሪያው 1.5 ሜትር ስፋት ያለው፣ ወደ ውጭ ያዘነበለ ኮንክሪትና ውሃውን ርቆ የሚያስወግድ ቦይ ይኑረው። ባልዲና ገመድ መሬት ላይ እየተጣሉ ወደ ውሃው የሚመለሱ ከሆነ ግን ሌላው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው፤ የእጅ ፓምፕ ይግባበት። ከጎርፍ ወይም ከጥገና በኋላ በክሎሪን ይታጠብ። ጉድጓዱ 1 ሜትር ስፋትና 4 ሜትር ውሃ ካለው 3.1 ሜትር ኩብ ይይዛል፤ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ክሎሪን ለማድረስ 65 በመቶ ጥንካሬ ያለው የክሎሪን ዱቄት 240 ግራም ያስፈልጋል። ዱቄቱ በባልዲ ውሃ ተበጥብጦ ዙሪያውን ግድግዳውን እያጠበ ይፈስሳል፤ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይቆይና የክሎሪን ሽታው እስኪጠፋ ይቀዳል። ያን ቀን ማንም አይጠጣ። ሽንት ቤቱ እያፈሰሰ ክሎሪን መጨመር ግን የጥቂት ሳምንታት እፎይታ ብቻ ነው።

ወደ ፋብሪካው ልመለስ። ትንሹና ትልቁ አቃቂ ወንዞች የከተማዋን ፍሳሽ ተሸክመው አባ ሳሙኤል ይገባሉ። ብዙ ሰው ወንዙና ጉድጓዱ የማይገናኙ ይመስለዋል። ከወንዝ አቅራቢያ ያሉ ጉድጓዶች አጥብቀው ሲቀዱ የከርሰ ምድሩ ውሃ ደረጃ ከወንዙ በታች ይወርድና ወንዙ ወደ መሬት መግባት ይጀምራል። የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ክሮሚየም ይዟል፤ ቆዳ ለማልፊያ የሚጠቀሙበት፣ ኬሚስቶች ሦስት ቫሌንሲ ያለው የሚሉት ዓይነት ክሮሚየም አፈር ላይ ስለሚቀር ብዙ አይርቅም፤ ዝቃጩ ሲቃጠል ወይም አፈሩ ማንጋኒዝ ሲበዛበት ግን ስድስት ቫሌንሲ ወደሚሉት ዓይነት ይለወጣል፤ ይህኛው ከውሃ ጋር ይጓዛል፣ ካንሰርም ያመጣል። በመጠጥ ውሃ የጠቅላላ ክሮሚየም ጣሪያ በሊትር 0.05 ሚሊ ግራም ነው። ስለዚህ የዝቃጩ አወጋገድ ከፍሳሹ እኩል ይጠየቅ።

ሬድ አሽ የወጣባቸው ካባዎች ቆሻሻ መጣያ እየሆኑ ነው፤ ይህ በአስቸኳይ መቆም አለበት። ሬድ አሹ ሲወጣ ማጣሪያውም ክዳኑም አብሮ ወጥቷል፤ እዚያ ላይ ቆሻሻ መድፋት ጉድጓድ ውስጥ እንደ መድፋት ነው። ረጲ ያለው ቆሼ ከ50 ዓመት በላይ ሲሞላ ከሥሩ ውሃ የማያሳልፍ ንጣፍ አልተደረገለትም፤ አዲስ ቆሼዎችን በየካባው መፍጠር አይገባም።

ጋራዦች የተቃጠለ ዘይትና የባትሪ አሲድ መሬት ላይ ይደፋሉ፤ አሲዱ እርሳስ ይዞ ይወርዳል። ነዳጅ ማደያ አጠገብ ጉድጓድ ከማስቆፈር በፊት ደግሞ ደጋግማችሁ አስቡ። ከመሬት በታች የተቀበረ የብረት ታንክ ይዝጋል፤ ነዳጁ ከውሃ ስለሚቀል ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፣ በውስጡ ያለው ቤንዝን የተባለ ካንሰር አምጪ ኬሚካል ግን በውሃው ይሟሟል። ጣሪያው በሊትር 0.01 ሚሊ ግራም ነው፤ በጣም ጥቂት ነዳጅ ብዙ ውሃ ያበላሻል። ውሃው ነዳጅ ከሸተተ ማፍላት የባሰ ነው፣ እንፋሎቱን ትተነፍሱታላችሁና።

የዳፕና የዩሪያ ማዳበሪያም ናይትሬት ያስከትላል፤ ፀረ ተባይም አለ፤ ሁለቱም በሰንዳፋና በሱሉልታ በኩል መታየት አለባቸው። ፍሎራይድ ደግሞ ሰው ያመጣው አይደለም፤ ከዓለቱ የሚወጣ ሲሆን ወደ ስምጥ ሸለቆ በተጠጋን ቁጥር ይበዛል። ጣሪያው 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ነው። ብረት የበዛበት ውሃ ልብስ ያቀላል፣ ሻይ ያጠቁራል፤ ሰው የሚሸሸው ይህን ነው፣ ጉዳቱ ግን ከናይትሬቱ ጋር አይወዳደርም።

ስለ ምርመራ ጥቂት ልበል፤ ብዙ ገንዘብ እዚህ ይባክናል። ናሙናው ከሮቶ አይቀዳ፤ ሮቶው ራሱ ቆሽሾ ሊሆን ስለሚችል ከጉድጓዱ አፍ ካለው ቧንቧ ይቀዳ። ለባክቴሪያ በሃይላንድ የተወሰደ ውሃ አይሆንም፤ ላቦራቶሪው የተቀቀለ ጠርሙስ ይሰጣል። የብረት ቧንቧ ከሆነ አፉ በእሳት ይለብለብ፣ ውሃው ለጥቂት ደቂቃዎች ይፍሰስ፣ ከዚያ የክዳኑ ውስጥ ሳይነካ ይቀዳ። በበረዶ ተይዞ በ6 ሰዓት ውስጥ ይድረስ። ኢ. ኮላይ፣ ማለትም ውሃው በዓይነ ምድር መበከሉን የሚያሳየው ባክቴሪያ፣ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ዜሮ መሆን አለበት።

የናይትሬት ውጤት ሲነበብ መለኪያውን እዩ። አንዳንድ ላቦራቶሪ በናይትሬት፣ አንዳንዱ በናይትሮጅን ይጽፋል። በናይትሬት ከሆነ ጣሪያው 50፣ በናይትሮጅን ከሆነ 11 ነው። «20» የሚል ወረቀት በመጀመሪያው ደኅና ነው፤ በሁለተኛው ከጣሪያው እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው። ከናይትሬቱ ጋር ክሎራይድ፣ አሞኒየምና ኢ. ኮላይም ይለኩ። ናይትሬትና ክሎራይድ አብረው ከፍ ካሉ ምንጩ ሽንት ቤት የመሆኑ ነገር ይጎላል፤ ናይትሬቱ ብቻውን ከፍ ካለ ማዳበሪያም ይጠረጠር። አሞኒየምና ኢ. ኮላይ ከታዩ ፍሳሹ ቅርብና አዲስ ነው። በዓመት ሁለቴ፣ በግንቦትና በመስከረም ይመርመር፤ በበጋ ንጹሕ የነበረ ጉድጓድ ከክረምቱ በኋላ ሌላ ሆኖ ይገኛል።

መፍትሔው ላይ ሐቁን መናገር ያስፈልጋል። በደንብ የተሠራ ሴፕቲክ ታንክ፣ ማለትም ወለሉ ኮንክሪት፣ ግድግዳው ውስጡ የተለሰነ፣ ሁለት ክፍል ያለው፣ ውሃ ተሞልቶ ለ24 ሰዓት ሲቆይ የማይጎድል ታንክ፣ ዝቃጩን ይይዛል፤ ናይትሮጅኑን ግን አብዛኛውን ወደ ማስረጊያው ያሳልፈዋል። ስለዚህ ግቢው ጠባብ ሆኖ ውሃው ከዚያው ከርሰ ምድር የሚጠጣ ከሆነ ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ የፍሳሽ መስመር ይግባ፣ ወይ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ምንም እንዳያሰርግ ሆኖ ተሠርቶ ፍሳሹ በመጣጭ መኪና ይነሣ። ውድ ነው፤ አውቃለሁ። አንድ ማኅበር ወይም ብሎክ ተባብሮ አንድ የጋራ ታንክ ቢሠራ ወጪው ለብዙ ቤት ይከፋፈላል።

በመንግሥት በኩል የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 በእጅ የሚቆፈርን ጉድጓድ ከፈቃድ ነፃ አድርጎታል፤ ለገበሬው ታስቦ የወጣ ነፃነት ዛሬ በተጨናነቀ ሰፈር እየሠራ ነው። ፈቃዱ ባይጠየቅ እንኳ ምዝገባ ይጠየቅ። በማሽን ለሚቆፈረው ፈቃድ ሲሰጥ የሲሚንቶው ሙሌት በተቆጣጣሪ ፊት መደረጉ ቅድመ ሁኔታ ይሁን። ደርቀው ወይም ተበላሽተው የተተዉ ጉድጓዶች በንጹሕ ጠጠርና በሲሚንቶ ይደፈኑ፤ አፋቸውን ከፍተው የቀሩት ለጎርፍ ቀጥተኛ መውረጃ ናቸው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ያጽዳ ወይም ወጪውን ይክፈል ይላል፤ ይህ እንዲሠራ ግን ማን ምን እንደበከለ የሚያሳይ መረጃ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው ይህን ነው፦ የሚመለከታቸው የውሃ፣ የጤናና የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች በየወረዳው ከጉድጓዶች የሚወስዱትን የናይትሬት፣ የፍሎራይድና የኢ. ኮላይ ውጤት በየዓመቱ ጠይቃችሁ፣ ከመለኪያው ጋር፣ በወረዳ ስም ለይታችሁ አትሙልን።

የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያ
ከአቃቂ ቃሊቲ